ኡርሹሌ እንጆሪ የማትቀምስበት ሰሞን

ኡርሹሌን ተቀምጣ አየኋት የሚል ሰው በሺልጊራይ መንደር ቢገኝ ወይ ሰክሯል ወይ ሌላ ሴት አይቷል። ስትበላ ቆማ ነው፤ ስታወራ እየሄደች ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ቁጭ ሲል እሷ ከፊቷ ያለውን መደገፊያ በመሐረቧ መወልወል ትጀምራለች። ባሏ ባልትሩስ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጥድ ሙጫ ሲያወጣ የኖረ ረጅም ሽማግሌ፣ «የኔዋን እግዜር ሲፈጥራት ጉልበቷ ላይ ማጠፊያ ማድረግ ረስቷል» ይላል። ይቺን ቀልድ ከተጋቡ ጀምሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ደጋግሟታል፤ ሰውም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስቆለታል። ምን ያድርግ! በሺልጊራይ አዲስ ቀልድ እንደ አስፋልት መንገድ ነው፤ ይመጣል እየተባለ ይወራል እንጂ አይመጣም።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ይብስባታል። ዛፍ ተቆርጦ ፀሐይ በገባበት ገላጣ ሁሉ የዱር እንጆሪ መቅላት ሲጀምር፣ ኡርሹሌ ጤዛው ሳይረግፍ ከጥድ ሥር የተጎነጎነ ቅርጫቷን ይዛ ትወጣለች። ሌላዋ ሴት አንድ ቅርጫት ስትሞላ እሷ ሁለት ትሞላለች። አምጥታም ለራሷ አታስቀርም፤ ለጎረቤት ልጆች፣ ለፖስተኛው፣ ከአጥሩ ወዲያ ለምትኖረው ለባሏ ታላቅ እህት ለማግዴ ታድላለች፤ የተረፈውንም ትሸጣለች። «ላንቺስ?» ሲሏት፣ «እኔማ ጫካ ውስጥ ስውጥ ነው የቆየሁት፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው» ትላለች። የሰው ሆድ ከፍቶ የሚያይ የለምና ሁሉም ያምናታል።

ውሸቷን ነው። ከመጀመሪያው እንጆሪ አንስቶ በሰኔ መጨረሻ እስከሚውለው የማርያም የጉብኝት ቀን ድረስ ኡርሹሌ አንዲት ፍሬ ምላሷ ላይ አታደርግም። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ይሄው አርባ አንድ ዓመቷ።

በዚያ አገር ልጅ የሞተባት እናት ከማርያም ቀን በፊት የዱር ፍሬ አትቀምስም። በዚያ ሰሞን ማርያም በሰማይ ሕፃናቱን ይዛ ለቀማ ትወጣለች ይባላል፤ ለእያንዳንዱም እፍኝ እፍኝ ታድላለች። እናቱ በምድር ቀድማ የቀመሰችበት ልጅ ግን እጁን ሲዘረጋ «ያንተን እናትህ በልታዋለች» ይባልና ባዶ እጁን ይመለሳል። የኅብረት እርሻው ካድሬ አንድ ጊዜ ሴቶቹን ሰብስቦ በዚህ ወግ ሲያላግጥ፣ ሴቶቹ አብረውት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ቤታቸው ገቡና አልቀመሱም።

ማግዴ ሁለት ልጆች ቀብራለችና በግልጽ ነው የምትተወው። እንጆሪ ሲቀርብላት አማትባ «ለኔዎቹ ይቆይልኝ» ትላለች፤ ሰውም ያከብርላታል። ኡርሹሌ ግን እንዲህ ልትል አትችልም። መንደሩ የሚያውቃቸው ልጆቿ ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ሦስቱም ጢም አውጥተው፣ ሚስት አግብተው ከተማ ይኖራሉ። ከሦስቱም በፊት የመጣችውን ባልትሩስ እንኳ አያውቃትም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ እንደ ብዙ የትውልድ አገሯ የዙኪያ ድሃ ልጆች፣ ድንበር ተሻግራ ላትቪያ አንድ ሀብታም ገበሬ ቤት ተቀጥራ ነበር። እዚያ አንድ ሠረገላ ነጂ ወደደች፤ እሱም ሆዷ ሳይገፋ ሌላ ሥራ አገኘሁ ብሎ እንደ ወጣ ቀረ። ልጅቷ ከላሞቹ ጋጣ ጀርባ ባለች ክፍል ተወለደች፤ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። ኡርሹሌ በወሊድ ትኩሳት ራሷን ስታ ስለነበር፣ አንዲት አሮጊት የቤቱ ሠራተኛ ውሃ ረጭታ አጥምቃ ስም አወጣችላት፤ ስትሞትም በመቃብሩ አጥር ሥር ቀበረቻት። ኡርሹሌ ነፍስ ስትዘራ አሮጊቷ ወደ ሌላ ገበሬ ሄዳለች። ስሟን የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ጉድጓዷም ምልክት አልነበረውም። ለዚያች ልጅ እናት ሆና የምታደርግላት አንድ ነገር ብቻ ቀረላት፤ አለመብላት።

በሰኔ እግሯ የማያርፈው ለዚህ ነው። ቁጭ ላለ ሰው ምግብ ይቀርብለታል፤ የቀረበለት ሰው ደግሞ «ብላ እንጂ» ይባላል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ እንጆሪው መቅላት በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ አውድሮኔ የምትባል የሠላሳ ዓመት ሴት ከቪልኒየስ በአውቶቡስ ከች አለች። የቋንቋ ተመራማሪ ናት። በአንድ እጇ ጡብ የታጨቀበት የሚመስል ድምፅ መቅጃ ቴፕ፣ በሌላው ቃላት የምትመዘግብበት የካርድ ሣጥን ተሸክማለች። ልጆቹ ከወጡ ወዲህ ባዶ ክፍል ያለው የባልትሩስ ቤት ስለሆነ እዚያው አሳረፏት።

«እና ምን ፍለጋ ነው የመጣሽው?» አላት ባልትሩስ በመጀመሪያው ምሳ፣ ቀዝቃዛውን የቀይ ሥር ሾርባ እየማገ።

«አንዲት ቃል ነች፣ ጋሽ ባልትሩስ። ኡኦጋ የምንላት። የዱር ፍሬ።»

«እሷን ፍለጋ እዚህ ድረስ? ስልክ ብትደውዪልኝ ኖሮ እነግርሽ አልነበር!»

«ስልክ መች አለንና» አለች ኡርሹሌ ከምድጃው በኩል።

አውድሮኔ ሳቀች። «ቃሏንስ አውቃታለሁ። የምፈልገው እናቷን ነው። እኛ ኡኦጋ እንላለን፤ ላትቪያዎችም እንደኛው…»

«ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ታንቃቸዋለች እንጂ» አለች ኡርሹሌ፤ ካመለጣት በኋላ ምላሷን ነከሰች። ባልትሩስ ግን «በልጅነቷ እዚያ ሠርታለች» ብሎ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ።

«ልክ ነው እማማ፣ እንደዚያ ነው የሚሏት!» አለች አውድሮኔ ደስ ብሏት። «ፖላንዶቹና ሩሲያውያኑ ደግሞ ያጎዳ ይላሉ። ሦስት ሺህ ዓመት ያልፈዋል፣ የሁላችንም አያቶች አንድ ቋንቋ ነበራቸው፤ አንዲት ቃልም ነበረቻቸው። የኛንና የነሱን እያስተያየን ወደ ኋላ ስንሄድ እዚህች ላይ እንደርሳለን።» ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ኦጋ» ይላል፤ ከፊቱ ትንሽ ኮከብ ተሥላለች።

«ከዚያስ በፊት?» አላት ባልትሩስ።

«እናቷም እናት ነበራት። ርቆ በምዕራብ ባሕር፣ ደሴት ላይ ያሉ ሰዎች አንድ ጥቁር ጎምዛዛ ፍሬ የሚጠሩበት ቃል አለ። ወዲያ በምሥራቅ ደግሞ አሸዋ ከዋጣቸው ከተሞች በወጣ ጽሑፍ ላይ ፍሬ የሚል ቃል ተገኝቷል። የአንድ ዘር ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። ይከራከሩበታል።»

«የተማረ ሰው ባይከራከር ምን ይበላ ነበር!» አለ ባልትሩስ።

ኡርሹሌ ያልቆሸሸውን ጠረጴዛ እየወለወለች ካርዱ አጠገብ ደረሰች። «ይቺ ኮከብ ምንድን ናት? የመንግሥት ናት?»

«ቀይ አይደለችም እኮ፣ እማማ። ቃሏን ማንም አልሰማትም፣ ማንም አልጻፋትም ማለት ነው። ነበረች ግን። ልጆቿ ስላሉ እናቲቱ እንደነበረች እናውቃለን።»

«ልጆቹ ባይተርፉስ?» አለች ኡርሹሌ። «አንዱም ባይተርፍ?»

«እንግዲያማ አናውቅም። እንደሌለች ትቆጠራለች።»

ኡርሹሌ ባልዲውን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ባልዲው ሙሉ ነበር። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ነው ያወቀችው። ተናድዳለች፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም። ልጅቷ ምን አጠፋች፤ የጠየቋትን መለሰች። ውሃውን ጎመኑ ላይ ደፋችና እንደገና ቀዳች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አውድሮኔ ቃሏ መጀመሪያ የየትኛው ፍሬ ስም እንደነበረች ማወቅ ፈለገች። ፖላንዶቹ ያጎዳ ሲሉ ሰማያዊውን የጫካ ፍሬ ያስባሉ፤ ወደ ደቡብ ያሉ ዘመዶቻቸው እንጆሪን ያስባሉ፤ እኛ ሁሉንም። «እንጆሪ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ» ትላለች። «ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነዋ። ወግ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። የድሮ ቃል የድሮ ወግ ባለበት ነው የሚከርመው።» እናም መንደር ለመንደር እየዞረች ወግ መጠየቅ ጀመረች፤ ማን ቀድሞ ይለቅማል፣ የመጀመሪያው እፍኝ ለማን ነው፣ ማን ይበላል፣ ማን አይበላም።

ማን አይበላም። ኡርሹሌ ይሄን ስትሰማ እንደ ድመት ጆሮዋ ቆመ።

በማግስቱ «ከወንዙ ማዶ መቶ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ አሉ፤ የማያውቁት ወግ የለም» ብላ አውድሮኔን ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ላከቻት። አሮጊቷ ድፍን ደንቆሮ ናቸው። አውድሮኔ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሳ ተመለሰች፤ ግን ቅር አላላትም። በመንገድ ላይ የለቀመችውን እንጆሪ፣ የመንደሩ ልጆች እንደሚያደርጉት፣ ረጅም የሣር አገዳ ላይ እንደ ዶቃ ሰክታ ይዛላት መጣች።

«ይሄ ለእርስዎ ነው፣ እማማ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። እጄ ሊጥ ነው፤ መስኮቱ ላይ አድርጊልኝ።»

በነጋታው እንጆሪው መስኮቱ ላይ እንደተሰካ ጠውልጎ አውድሮኔ አየችው። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ግን ማየት የለመደ ዓይን አላት፣ ያየውንም የሚይዝ ካርድ አላት። ከዚያ ወዲያ ለቀማ አብሬ ልውጣ አለች። ኡርሹሌ እንዴት ትከልክላት? ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየሮጠች ልታመልጣት ሞከረች። አውድሮኔ እያለከለከች ተከተለቻት። ሦስት ጠዋት አብረው ለቀሙ፤ የአንዷ ከንፈር እንደ ደም ቀላ፣ የሌላዋ ደረቀ።

ቅዳሜ ዕለት አውድሮኔ ቴፗን አንጠልጥላ ወደ ማግዴ ገባች። ኡርሹሌ ከአጥሩ ወዲህ ያልበቀለ አረም ስትነቅል ቆየች። የሁለቱ ድምፅ ይሰማታል፤ ቃሉ ግን አይለይላትም። ማግዴ አንድ ጊዜ ስቃ «እንጉዳይና የዱር ፍሬ ባይኖር የዙኪያ ልጃገረድ ራቁቷን በቀረች!» የምትለዋን የታወቀች ተረት ስትል ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ዝቅ ሲል ስለ ሁለቱ ልጆቿ እንደምትናገር ኡርሹሌ ታውቃለች። በዚያች ሰዓት ሄዳ የቴፑን ገመድ ልትመዝ ምንም አልቀራት። አጥሩን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ሽንኩርቱን ሳይደርስ ነቀለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራቱ ለምሳ ተሰበሰቡ። ለማርያም ቀን ሳምንት ቀርቷል። ትኩስ ድንች ነበር፣ እርጎ ነበር፤ በመጨረሻም ባልትሩስ የሚወደው ወተት የፈሰሰበት እንጆሪ በትልቅ ሳህን ቀረበ። ማግዴ አማትባ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ኡርሹሌ እንደ ልማዷ ቆማ ታሳልፋለች።

«እትዬ ማግዴ ትናንት የነገሩኝ እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለች አውድሮኔ፤ ዓይኗ በደስታ ያበራል። «ስለ እናቶቹ። እስከ ማርያም ቀን ስለሚተዉት። አሁን ገባኝ፣ እማማ ኡርሹሌ ሰሞኑን አንዲት ፍሬ እንኳ ያልቀመሱት ለምን እንደሆነ!»

ባልትሩስ ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ቆየ፤ ከዚያ ሳቀ። «እሷ? ምን ነካሽ ልጄ፣ የሷ ሦስቱም እንደ በሬ ጤነኛ ናቸው። ጫካ ውስጥ ነው ጠግባ የምትመጣው።»

«ጫካም አልበሉም፤ አብሬያቸው ነበርኩ እኮ…» ብላ አውድሮኔ ቆመች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲገረጣ ታየ። የተማረች ሴት ናት፤ ምን እንዳደረገች ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ግን አንዴ ከአፍ የወጣ ወጥቷል።

ማግዴ ቀና ብላ የወንድሟን ሚስት አየቻት። «ብዪ እንግዲህ» አለች።

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ ማግዴ።»

«አንዲት ማንኪያ ናት። እንደ ወተት የሚወርድ ነገር ነው።» ሳህኑን ወደ እሷ ገፋችው። «የሌለባት ሴት ምን ያስፈራታል?»

«ተይአት እንጂ አንቺ ደግሞ!» አለ ባልትሩስ፤ ግን እሱም ሚስቱን እያየ ነበር።

ኡርሹሌ ማንኪያውን አነሳች። ሦስት ፍሬ ወጣላት። አንዴ መዋጥ ነው፤ ከዚያ ቤቷ ቤቷ ነው፣ ባሏ ባሏ ነው፣ ልጆቿም እናታቸውን እንደሚያውቋት ያውቋታል። ማርያምም ሴት ናት፣ አይገባትም? ደግሞስ ይሄ ሁሉ የአሮጊት ተረት ቢሆንስ? ካድሬውም ቄሱም ተረት ነው ይላሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ሌላ ነገር የለም። ማንኪያውን እስከ ከንፈሯ አደረሰችው። የእንጆሪው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። አንዲት ትንሽ እጅ ተዘርግታ ታየቻት፤ ፊቷን ግን ልታየው አልቻለችም፤ ድሮም አይታው አታውቅም ማለት ይቻላል። «ያንቺን እናትሽ በልታዋለች።» አርባ አንድ ዓመት ያላስባለቻትን ነገር ለማግዴ ብላ ታስብላት?

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰችው።

«አለችኝ» አለች። «ሴት ልጅ። ላትቪያ ሳለሁ፣ አንተን ሳላውቅህ፣ ባልትሩስ። አሥራ አንድ ቀን ኖረች።»

ባልትሩስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነሣ፣ ቆቡን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ወንድሜን አታለልሽው!» አለች ማግዴ። አለቀሰችም፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን አልታወቀም። አውድሮኔ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እማማ፣ እግዚአብሔርን፣ እኔ…» ማለት ጀመረች።

«ዝም በዪ ልጄ። ድንቹን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለች ኡርሹሌ።

አውድሮኔ በሰኞው አውቶቡስ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ስለ ኡርሹሌ አለመብላት የጻፈችበትን ካርድ አውጥታ አራት ቦታ ቀደደችው። ኡርሹሌ ቁርጥራጩን ተቀብላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ «ሥራሽን ግን ጨርሺ» አለቻት። «ቃሏ ምን አጠፋች።» ያንን ስትናገር እውነቷን ነበር። በልጅቷ ላይ ቂም ለመያዝ ብትሞክርም አልያዝ አላት፤ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አለመብላቷን ልብ ብሎ ያየላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ባልትሩስ ሁለት ቀን ገለባ ማከማቻው ውስጥ ተኛ። ምግቡን በሩ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፤ ቃል ግን የለም። ኡርሹሌ ከቤት ወደ ጋጣ፣ ከጋጣ ወደ ጉድጓድ ተመላለሰች። የታጠበ ልብስ እንደገና አጠበች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማጭድ ሲስል አገኘችው።

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት!» አለ ቀና ሳይል። «እንደ እንግዳ ሰው!»

«ብነግርህ ታገባኝ ነበር?»

መሳሉን አቆመና አሰበ። ባልትሩስ ቀልደኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። «አላውቅም» አለ። ይህ መልስ «አላገባሽም» ከማለት የበለጠ አሳመማት።

መንደሩ ከሰኞ ማታ ጀምሮ አውቋል፤ የማግዴ ምላስ አጥር አያግዳትም። ጉድጓድ ዳር ወሬ ኡርሹሌ ስትደርስ ይቆማል። አባትየው ዘላን ጂፕሲ ነበር ያሉ አሉ፤ የገበሬው ልጅ ነው ያሉም አሉ። «እኛን ስታድለን፣ ለካ እሷ እየጾመች ነው!» ብለው እንደተሰረቁ ያህል የተቆጡ ነበሩ። ስለ ሕፃኗ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ረቡዕ ፍሬ የሚገዛው የጭነት መኪና ሱቁ ጥግ ይቆማል። ኡርሹሌ ልትቀር አስባ ነበር፤ እንደማትቀር ግን እግሯ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሁለቱን ቅርጫት ይዛ ወረፋው ላይ ቆመች። ሰላምታዋን የመለሰ የለም። ከፊቷ ያሉት ሴቶች ትንሽ ወደፊት ተጠጉ፣ ከኋላዋ የመጡት ትንሽ ራቅ አሉ፤ መሬት ላይ የተሰመረ ይመስል ዙሪያዋን ክፍት ሆነ። መመለስ አማራት። የቅርጫቱን እጀታ እያዞረች እዚያው ተቁነጠነጠች።

ገዢው ሊዩዳስ የሚባል ወሬ የማያልቅበት ጎረምሳ ነው። ከሌላ ከተማ ስለሚመጣ የመንደሩን ነገር አልሰማም። ከየቅርጫቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ ግማሹን ራሱ እየቃመ ግማሹን ወረፋ ለያዙ ወንዶች ማቅመስ ልማዱ ነው። ኡርሹሌ ተራዋ ሲደርስ ከአንደኛው ቅርጫት ዘገነ፤ ወደ ወረፋው ጫፍ አይቶም ጮኸ።

«ጋሽ ባልትሩስ! ይምጡ እንጂ፣ ይቅመሱ! የቤትዎ እንጆሪ እኮ ነው፤ እንዲህ ያለ የሚለቅም የለም።»

ኡርሹሌ ዞረች። ባልትሩስ ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ የእሑድ ኮቱን ለብሷል። መቼ እንደመጣ አላየችም። ሽማግሌው በወረፋው ጎን አልፎ ቀስ እያለ መጣና ሚስቱ አጠገብ፣ በክፍቱ ቦታ ላይ ቆመ።

«አልቀምስም» አለ። «እስከ ማርያም ቀን አልቀምስም።»

ሊዩዳስ ሳቀ። «ይሄ የእናቶች ወግ አይደል እንዴ? ለማን ብለው ነው የሚጾሙት?»

«ሴት ልጅ አለችን። እዚያ፣ ማርያም ዘንድ።»

ከወረፋው መሐል አንዲት ሴት ዝም ብላ ማለፍ አልቻለችም። «አንተ ደግሞ ላትቪያ መቼ ሄደህ ታውቃለህና!» አለችው።

ባልትሩስ ፊቱ ደም መሰለ። ዞሮ አያት፤ አጠገቧ የቆመችውን እህቱን ማግዴንም አየ፤ ሌሎቹንም አንድ በአንድ አያቸው።

«ሄጃለሁ አላልኩም» አለ። «አለችን ነው ያልኩት።»

ኡርሹሌ ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ። አለቀሰች፤ አፏን በመሐረብ ሳትይዝ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ወረፋ መሐል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሬሳ ከቤት ሲወጣ እናት እንደምታለቅሰው። ዝም በዪ ያላት የለም። ለቅሶ ላይ እናትን ዝም በዪ የሚል ሰው በሺልጊራይ የለም። ማግዴ ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሌሎቹም ሴቶች አስቀመጡ። ወንዶቹ ተያዩ፤ አንዱ ጀመረና ሁሉም ቆባቸውን አወለቁ። ሊዩዳስም ምን እንደሆነ ባይገባውም አወለቀ።